የሰፈሩ ክሊኒክ፦ ታይፎይድ፣ ግፊት፣ ጨጓራ እና የጳጉሜ ክኒን

ከአንባቢዎች የሚደርሱን ብዙዎቹ ጥያቄዎች “ጥሩ ክሊኒክ የቱ ነው?” የሚሉ ናቸው። የክሊኒክ ስም አንሰጥም። እግር ጥሎት ትንሽ ክሊኒክ የገባ ሰው ምን ማየት እንዳለበት ግን መናገር እንችላለን። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ስድስት ጥያቄዎች ሁሉም በዚያ ዙሪያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ትኩሳትና ቁርጥማት ሲሰማኝ በሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ደም ይሰጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል፣ ከዚያ “ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ” እባላለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህ አምስተኛዬ ነው። ሰው በዚህ ልክ ሊታመም ይችላል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አምስቱም ጊዜ እውነተኛ ታይፎይድ ነበር ለማለት ይከብዳል። ሁለቱ በሽታዎች አብረው አምስት ጊዜ ያዙ ማለት ደግሞ ጭራሽ የሚታመን አይደለም። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣ ሲሆን በእኛ አገር በተደጋጋሚ የሚታየው ታይፈስ በልብስ ቅማል የሚተላለፍ ነው። አብረው የሚነሱት በሽታዎቹ ስለሚገናኙ ሳይሆን ምርመራዎቹ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ስለሚታዘዙ ነው።

ለታይፎይድ የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። የሚያየው ተሕዋሲውን ሳይሆን ሰውነትዎ ተሕዋሲውን ለመከላከል ያመረተውን ነገር ነው። ይህ መከላከያ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው ሕመሙ ከጀመረ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ትኩሳቱ በጀመረዎ በሁለተኛው ቀን “ፖዘቲቭ” ከተባሉ፣ ወረቀቱ የሚነግርዎ ስለ ዛሬው ሕመም ሳይሆን ስለ ድሮው ሊሆን ይችላል። ክትባት የወሰደ ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎች ኢንፌክሽኖችም ያደናግሩታል። የታይፈሱ ምርመራ፣ ዌይል ፊሊክስ የሚባለው፣ ከዚህም የባሰ ነው። በታይፈስ ተሕዋሲ እንኳ የሚሠራ አይደለም፤ ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ፣ በወረቀቱ ላይ “ኦኤክስ 19” ተብሎ በሚጻፈው፣ በመመሳሰል የሚገመት ነው።

አሠራሩም ስህተት ይጋብዛል። በመስታወት ላይ አንድ ጠብታ የደም ውሃና አንድ ጠብታ መፈተሻ ይቀላቀላል፣ እየተወዛወዘ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነበባል። ባለሙያው ሌላ በሽተኛ ጠርቶት ሦስት ደቂቃ ከቆየ ጠብታው ከዳር መድረቅ ይጀምርና የተጓጎለ ይመስላል፤ ይኸው ፖዘቲቭ ሆነ። መፈተሻው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። መብራት ጠፍቶ ያደረ ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ፣ ወይም ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ማነጻጸሪያው አብሮ ካልተሠራ፣ ውጤቱ ላይ የሚያርፍ እምነት ሊኖር አይገባም።

ታዲያ ምን ይሁን? መጀመሪያ ከላብራቶሪው በፊት ያለውን ይመልከቱ። ሐኪሙ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ቀስ በቀስ እየጨመረ መሄዱን ወይም በድንገት መነሳቱን፣ ሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ መኖሩን፣ በቅርቡ ወደ ቆላ ወርደው እንደነበር ጠይቋል? ሙቀትዎን ለክቷል? ሆድዎን ዳስሷል? ይህ ሳይሆን በሩ ላይ ገና “ደም ይስጡ” ከተባሉ ምርመራው ምን እንደሚፈልግ ያዘዘውም አያውቅም። ከአዲስ አበባ ወጥተው ወባ ያለበት ቦታ አድረው ከነበረ፣ ከዊዳል በፊት የሚያስፈልግዎ በአጉሊ መነጽር የሚታይ የደም ፊልም ነው፤ እሱ ወባንም የግርሻ ትኩሳትንም (ሌላው በቅማል የሚተላለፍ በሽታ) በዓይን ያሳያል።

ታይፎይድን የሚያረጋግጠው የደም ካልቸር፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለውን ተሕዋሲ አሳድጎ የሚያይ ምርመራ፣ ነው። ለአዋቂ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ መቀዳት ያለበትም አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው። በትንሽ ክሊኒክ አይሠራም፣ ቀናትም ይወስዳል፤ ጥሩ ክሊኒክ ግን ትኩሳቱ ከቀጠለ ወደሚሠራበት ይልክዎታል። ካልቸር በሌለበት ዊዳልን ትንሽ የሚያስታምነው ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ሲጨምር ነው፤ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320። በአንድ ጊዜ ውጤት ብቻ፣ ያውም ቁጥሩ ሳይጻፍ “ሪአክቲቭ” ተብሎ በተሰጠ ወረቀት፣ ለስድስተኛ ጊዜ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ከመዋጥዎ በፊት “ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?” ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ሐኪሙን ካስቆጣው እሱም ራሱ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ ክሊኒክ ስለካ 160 በ100፣ መድኃኒት ቤት ስለካ 138 በ86፣ ልጄ በገዛልኝ መሣሪያ ቤት ስለካ ደግሞ ሌላ። ማንን ልመን? መድኃኒት ጀምር ተብያለሁ። (የ54 ዓመት አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ የሚታመነውን ልኬት እንዴት እንደሚያገኙ እንንገርዎ።

ከልኬቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራና ፈጣን እርምጃ አይኖርም። አቦሉን ጠጥተው፣ ቶናውን ለመድረስ ተቻኩለው ክሊኒክ ከገቡ ቁጥሩ የእርስዎ ሳይሆን የቡናው ነው። ሽንት ይሸኑ። ጀርባ በሚደግፍ ወንበር ላይ 5 ደቂቃ ይቀመጡ፤ እግር ሳይደራረብ መሬት ይርገጥ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ ከተለካ ቁጥሩ በ10 ያህል ሊያሻቅብ ይችላል። በልኬቱ ጊዜ አይናገሩ። ነርሷ “ስንት ልጆች አሉዎት?” እያለች ከለካች ጨዋታው መልካም፣ ልኬቱ ግን ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ካፉ፣ ክንድ ላይ የሚጠቀለለው። ልብስ ላይ አይጠቀለልም። የክንድዎ ዙሪያ ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መደበኛው ይሆንዎታል፤ ከ35 በላይ ከሆነ ትልቁ ካፍ ያስፈልጋል። በወፍራም ክንድ ላይ ትንሽ ካፍ ሲጠበቅ ግፊት የሌለበትን ሰው ባለ ግፊት ያደርጋል። ብዙ ትናንሽ ክሊኒኮች ያላቸው አንድ ካፍ ብቻ ነው፤ እኛን ከጠየቃችሁን ከማንኛውም ዘመናዊ ማሽን በፊት መገዛት ያለበት ሁለተኛው ካፍ ነው።

መሣሪያው ባለ መርፌ ሰዓት ከሆነ ከመነፋቱ በፊት መርፌው ዜሮ ላይ መተኛቱን ይመልከቱ። አየሩ ሲለቀቅ በሰከንድ 2 ነጥብ ያህል ይወርዳል፤ “ፉስ” ብሎ ከወረደ ማንም ትክክለኛውን ድምፅ ሊሰማ አይችልም። አንድ ሌላ ምልክት እነሆ፦ የክሊኒኩ መዝገብ ላይ ሁሉም በሽተኛ 120 በ80፣ 130 በ90፣ 140 በ90 ከሆነ እየተለካ ሳይሆን እየተጠጋጋ ነው። ሰዓቱ የተሰመረው በሁለት በሁለት ነውና 134 እና 146 የሚሉ ቁጥሮች መገኘት ነበረባቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኩ ሁለቱም ክንድ ይለካ፤ ከዚያ ወዲያ ከፍ ያለው ይያዝ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይደገም። ውሳኔው በአንድ ቀን ልኬት አይሰጥም፤ በሌላ ቀን ተደግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። የቤቱ መሣሪያ በክንድ ላይ የሚታሰር ከሆነ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ይጻፉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ይተዉት፣ የቀረውን አማካይ ይውሰዱ። ለቤት ልኬት ድንበሩ 135 በ85 ነው። ያንን ወረቀት ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፤ መድኃኒት መጀመር አለመጀመሩን ያኔ ትወስናላችሁ።

ይህ ሁሉ ግን ደህና ለሆነ ሰው ነው። 180 በ120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአፍ መተሳሰር ካለ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ምላስ ሥር በሚደረግ ክኒን ግፊትን በደቂቃዎች ውስጥ ማውረድ የቆየ ልማድ ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም በድንገት ስለሚቀንስ ራሱ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ይህን የሚያደርግ ክሊኒክ ካለ እምቢ ማለት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ለጨጓራ ባክቴሪያ የ14 ቀን መድኃኒት ጨረስኩ። ከወር በኋላ በደም ሲታይ አሁንም “ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ” ሆነ። እንደገና ልጀምር? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ በደም ውጤት ተመርኩዘው አይጀምሩ። የደሙ ምርመራ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ መዳንን ለማየት የተሠራ አይደለም። የሚያስፈልግዎ በሰገራ የሚሠራው፣ የባክቴሪያውን አካል ራሱን የሚፈልገው የአንቲጂን ምርመራ ነው። እሱም ጊዜ አለው፦ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎች ከቆሙ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ “የለም” ሊል ይችላል። በመሃል የሚያቃጥልዎ ከሆነ ሐኪሙ ምርመራውን የማያዛባ ማስታገሻ ይምረጥልዎ።

ለወገብ ወይም ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፤ ባክቴሪያው በሌለበትም ጨጓራ ይልጣሉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከዎ፣ ምግብ ሲውጡ ከተያዘ ወይም ሳይፈልጉ ከከሱ በክሊኒክ የሚጨርሱት ጉዳይ አይደለም፤ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) ወዳለበት ሪፈር ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የ2 ዓመት ልጄን አሳለው ብዬ ወሰድኩት። ጃኬቱን ሳያወልቁ ደረቱን አዳመጡና መርፌ ወጉት። ትኩሳቱ በማግስቱ ጠፋ፣ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በሚቀጥለው ጊዜ ምን ልጠይቅ? (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህታችን፣ የወጉትን መርፌ ስም ካርዱ ላይ እንዲጽፉልሽ ጠይቂ። ከነዚህ መርፌዎች መካከል ዴክሳሜታሶን የሚባለው ይገኝበታል፤ ትኩሳቱን ለአንድ ሁለት ቀን ያጠፋና ሕመሙን ሳይነካው ያልፋል። የጻፍሽው ነገር ከዚያ ጋር ይመሳሰላል። ያው መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ካርዱ ነው።

ለሚያስል ሕፃን ዋናው መሣሪያ ሰዓት ነው። ልጁ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ እቅፍሽ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠራል። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። የ2 ዓመት ልጅ 34 እየተነፈሰ፣ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ካልገባና ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለው ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ነው፤ አንቲባዮቲክም መርፌም አያስፈልገውም። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለአዋቂ ይሁን እንጂ ለሕፃን አይሆንም፤ የሕፃን ትንፋሽ ቆም ፈጠን ይላል።

ሚዛን ላይ ሳይወጣ መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ መጠኑ በግምት ነው። ለሳንባ ምች የሚሰጠው በውሃ የሚሟሟው አሞክሲሲሊን ለምሳሌ 11 ኪሎ ለሆነ ልጅ ባለ 250 ሚሊ ግራም ሁለት ክኒን ጠዋት፣ ሁለት ማታ፣ ለ5 ቀን ነው። በአፍ መዋጥ ለሚችል ልጅ ከመርፌ አያንስም። ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሺ ካልተባልሽ ራስሽ ጠይቂ። ሳትጠብቂ የምትሮጪው መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ ከአንዲት ነርስ ጋር ትንሽ ክሊኒክ አለን። የግፊትና የስኳር ታካሚዎቻችን ይጠፉብናል፤ የሚመለሱት ሲብስባቸው ነው። ኮምፒውተር የለንም። (ከወልዲያ)

መልስ፦ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ አንድ ሣጥንና አሥራ ሦስት መክፈያ ካርቶን ይበቃል። በየካርቶኑ የወር ስም ይጻፍ። የክትትል ታካሚ ካርድ በስሙ ፊደል ሳይሆን በሚቀጥለው የቀጠሮ ወሩ ይቀመጥ። ሰው ሲመጣ ካርዱ ወጥቶ ወደ ቀጣዩ ወር ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ በዚያ ክፍል ውስጥ የቀሩት ካርዶች የጠፉት ሰዎች ናቸው፤ ዝርዝር መሥራት ሳያስፈልግ በእጃችሁ አሉ። ነርሷ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ይዛ ትደውል። የታካሚው ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ስልክም ካርዱ ላይ ይኑር።

አሥራ ሦስተኛው ካርቶን የጳጉሜ ነው፤ ቀልድ አይምሰላችሁ። ነሐሴ 1 ቀን 30 ክኒን ተሰጥቶት ለመስከረም የተቀጠረ ሰው ለ5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም ለ6 ቀን፣ ያለ መድኃኒት ይቀራል፤ መስከረም 1 ደግሞ በዓል ነው፣ ክሊኒኩም ይዘጋል። በዚያ ላይ የበዓሉ ሥጋና ጨው አለ። ለነሐሴ 40 ክኒን እዘዙ። በሌላውም ወር ቀጠሮው ክኒኑ ከማለቁ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይሁን።

የሰዓቱ ነገርም አለ። “በየ8 ሰዓቱ” ያላችሁት ሰው “8 ሰዓት ላይ” ብሎ ሰምቶ በቀን አንዴ ሊውጥ ይችላል። “ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4” ብላችሁ ጻፉ። ቀንም ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል፤ “03/04” ያለ ሰው ኅዳር ይሁን ማርች ማን ያውቃል?

በየቀጠሮው የሚጻፈው አጭር ነው፦ ልኬቱ፣ ክብደቱ፣ የሚወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ፣ ያመለጠው ክኒን፣ ቀጣዩ ቀን። “ክኒን አምልጦህ ነበር?” ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም “የለም” ይላችኋል፤ “ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠህ?” ብትሉ ይነግራችኋል። የኩላሊቱን ሁኔታ ለማወቅ በዓመት አንዴ ክሬአቲኒንና የሽንት ፕሮቲን ይታይ። የስኳር ታካሚ ጫማና ካልሲ ይውልቅ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውንና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር በጣታችሁ ነካ አድርጉ። ከስድስቱ ሁለቱ ካልተሰሙት እግሩ አደጋ ላይ ነው፤ ሚስማር ቢወጋው አያውቅም። ለዓይን ምርመራም በዓመት አንዴ ላኩት።

የስኳር መለኪያ ወረቀቱን ጠርሙስ ክዳን ክፍት አትተዉት፤ እርጥበት ያበላሸዋል። የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ68 ዓመት እናቴ አዲስ አበባ ናት፤ ሦስት ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ሰባት ዓይነት መድኃኒት ትወስዳለች። ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ? (አንባቢ)

መልስ፦ ቤት ያለ ሰው መድኃኒቶቹን በሙሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማሸጊያው እየታየ ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎ። ከዚያ ለእያንዳንዱ “ይህ ለምን ተሰጠ? ማን አዘዘው? መቼ?” ይባል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህን ይመስላል፦ አንዱ ክሊኒክ ለግፊት አምሎዲፒን ሰጠ፤ እግር አበጠ፤ ሁለተኛው እብጠቱን አይቶ ላሲክስ፣ የሚያሸና መድኃኒት፣ ጨመረ። ወይም ኢናላፕሪል የሚባለው ሌላ የግፊት መድኃኒት ደረቅ ሳል አመጣ፤ ሌላው የሳል ሽሮፕ አዘዘ። ለጉልበት የተሰጠ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲደመር ኩላሊት ይጎዳል። በስልክ “ይሄን ተይው” አይበሉ፤ ያንን ዝርዝር አንድ ሐኪም በአንድ ቁጭታ ይየው።

የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ከተገኘ መልካም፣ ካልተገኘም ቋሚ ሐኪም ያለበትን አንዱን ክሊኒክ ይምረጡና ሌሎቹ ጋ የተሠራው ሁሉ እዚያ ካርድ ላይ ይሰብሰብ። በየጊዜው የሚያክማት ሰው የሚቀያየር ከሆነ የክሊኒኩ ሕንፃ ማማር አይጠቅማትም። ገንዘብ ሲልኩ ለአጠቃላይ ምርመራ ብለው አይላኩ፤ ለአንድ ቀጠሮ ይላኩ፣ ከቀጠሮው በኋላም የካርዱን ፎቶ ይጠይቁ።

ሌላ ክሊኒክ ወይም ሆስፒታል ስትላክ የሪፈር ወረቀቱ “ለተሻለ ሕክምና” በሚል ብቻ የተጻፈ ከሆነ ይመለስ። ምን እንደታየባት፣ የግፊትና የስኳር ልኬቷ ከነቀኑ፣ የተሠራው ላብራቶሪ ከነውጤቱ፣ የተሰጣት መድኃኒት ከነመጠኑና የመጨረሻው የተሰጠበት ሰዓት፣ አለርጂ ካላት አለርጂዋ፣ የላኪው ስምና ማኅተም ይኑርበት። ከመውጣቷ በፊት አንድ ፎቶ ይነሣ፤ ዋናው ወረቀት ተቀባዩ ካርድ ክፍል ይቀራል።